ቆሰበር እሳቷን ሁሉ ያጠፋችበት ቀን

በዚያን ጊዜ ቆሰበር ውስጥ ስልክ ያለው በጣት የሚቆጠር ነበር። ፖሊስ ጣቢያው፣ የወረዳው አስተዳደር፣ ጤና ጣቢያው፣ የመንገድ ሥራ ካምፑ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቀበሌው፣ ጥቂት ነጋዴዎች። ሽቦዎቹ ሁሉ የሚመጡት እኔ ወዳለሁባት ጠባብ ክፍል ነው። ከፊቴ በቆመው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ለእያንዳንዱ መስመር አንዲት ትንሽ ክዳን ነበረች። ሰው ቤቱ ሆኖ የስልኩን እጀታ ሲያዞር ክዳኗ ቀጭ ብላ ትወድቃለች። እኔም ገመዱን ሰክቼ "አቤት፣ ቆሰበር" እላለሁ። ማን ማንን እንደሚፈልግ ሰምቼ አገናኛቸዋለሁ፤ ከዚያ ማዳመጫውን አውርጄ ዝም ነው። ደንቡ ኦፕሬተር ያገናኛል እንጂ አይናገርም የሚል ነበር።

የተወለድኩት ዳንግላ ነው። አባቴ ቤት ውስጥ በአማርኛ፣ እናቴ በአገውኛ ሲያወሩ እየሰማሁ ስላደግሁ ሁለቱንም እኩል እችላለሁ። ለሥራው ሲመርጡኝም የጠቀመኝ ይኸው ነው፤ ከገጠር የመጣ ሰው አማርኛ ሲያጥረው በራሱ ቋንቋ እቀበለዋለሁ። ቆሰበር ስመደብ ያስለቀሰኝ ብርዱ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፤ ጣቴ ደርቆ ገመዱን ከቀዳዳው ጋር ማገናኘት ያቅተኛል። ዳንግላ ያለችው እናቴ ጋ ደውዬ "እዚህ ሰው እንዴት ይኖራል?" ብዬ አልቅሼባታለሁ። ከብርዱ ጋር እስክላመድ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ከሰዉ ጋር ግን ቶሎ ተላመድኩ። ፊታቸውን ሳላይ በድምፃቸው አውቃቸው ነበር።

የሠራተኞች ፓርቲው ከተመሠረተ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው ነገሩ የሆነው። ሐምሌ ላይ፣ በገበያ ቀን። ካፊያው ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም፣ ጉሙም አልተገለጠም። ሰዉ ግን በፈረስም በእግርም ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ረፋዱ ላይ የትምህርት ቤቱ ክዳን ወደቀች። ገና "አቤት" ከማለቴ ዳይሬክተሩ ጮኸ።

"ቴሌ! ቦቴ ተገለበጠ!"

"የት?"

"ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ጠምዛዛው ላይ። ከጥሊሊ ሲመጣ ተንሸራትቶ ነው። የጫነው ቤንዚን ነው፣ ይፈሳል! በቦዩ ወደ እናንተ እየወረደ ነው። ሹፌሩ ውስጥ ነው፤ ሲጮህ ይሰማኛል።"

ያንን ቦይ ቆሰበር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ከጠምዛዛው ተነስቶ የመንገዱን ዳር ይዞ ይወርዳል፤ ከቴሌው ቤት ጀርባ ያልፋል፤ አረቄ የሚያወጡትን ሴቶች ሰፈር ሰንጥቆ፣ ከቀጥቃጮቹ ወናፍ አጠገብ አድርጎ ገበያው ውስጥ ይገባል። ሐምሌ ስለሆነ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ቤንዚን ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ አውቃለሁ። በየቤቱ ከአረቄ ጋን ሥር የሚነደውን እሳት አሰብኩ።

መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ደወልኩ። አዛዡ መቶ አለቃ፣ ቀጭንና ፈጣን፣ ሲናገር ቃል የማያባክን ሰው ነበር። "የተገለበጠ መኪና የሚያነሳው የመንገድ ካምፑ ነው። እነሱ ይውጡ፣ እኔ ጥበቃ አቆማለሁ" አለኝ። ካምፑ ደወልኩ። ፎርማኑ በሥራው ያረጁ፣ ድምፃቸው እንደ ጠጠር የሚሻክር አዛውንት ናቸው። "አፈር የሚገፋ ማሽን አለኝ ልጄ። ግን ያለ ትእዛዝ ከካምፕ አይወጣም። አስተዳዳሪው ይዘዙኝ፣ አሁኑኑ እነሳለሁ።" አስተዳደር ደወልኩ። ጸሐፊዋ "ጓድ ስብሰባ ላይ ናቸው" አለችኝ። ጤና ጣቢያ ደወልኩ። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር፣ ሌላ ጊዜ ቀልደኛ የሆነው ወጣት፣ "እሳት እንደማይነሳ ፖሊስ ያረጋግጥልኝና እገባለሁ" አለ። ወደ ፖሊስ ተመለስኩ። መቶ አለቃው እሳት መኖር አለመኖሩን ከእሱ ይልቅ ፎርማኑ እንደሚያውቁ ነገረኝ።

እንዲህ ከአንዱ ወደ አንዱ ስመላለስ ቃሉ አፌ ላይ መለወጥ ጀመረ። መቶ አለቃው "ቤንዚኑ ገበያ ሊደርስ ነው" ያለኝን ለፎርማኑ "ገበያ ደርሷል" ብዬ ነገርኳቸው። እሳቸው ደነገጡ፤ እኔም ከእሳቸው ድንጋጤ የተነሳ እውነት መሰለኝ። ከመካከላቸው ክፉ ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ሊሠራ ዝግጁ ነው፤ ሌላው እስኪጀምር ግን ይጠብቃል። ሁሉንም የምሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የጸሐፊዋን መስመር እንደገና ጠራሁ። "እህቴ፣ ጓድን ካልጠራሽልኝ አንቺም እኔም ዛሬ እንቃጠላለን" አልኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ጥላኝ ሄደች፤ የአስተዳዳሪው የእግር ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ሲመጣ ሰማሁ። እሳቸው ስልኩን እስኪያነሱ ድረስ የፖሊሱን፣ የካምፑን፣ የጤና ጣቢያውን፣ የትምህርት ቤቱንና የአስተዳደሩን ገመዶች አንድ ላይ አገናኘሁ። እንደዚያ ማድረግ እንደሚቻል ያሳየኝ ሰሌዳውን ለመጠገን የመጣ ቴክኒሺያን ነበር፤ አሳይቶኝም "እንዳታደርጊው" ብሎኛል።

"ጓዶች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ" አልኩ። "ኦፕሬተሯ ነኝ። አሁን ሁላችሁም አንድ መስመር ላይ ናችሁ። ፖሊስ አለ፣ ካምፕ አለ፣ ጤና ጣቢያ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ ጓድ አስተዳዳሪም አሉ። ቦቴ ተገልብጦ ቤንዚን ወደ ገበያው እየወረደ ነው። እኔ ቃል ማመላለስ አቅቶኛል። እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ።"

ከዚያ የአስተዳዳሪው ድምፅ መጣ፦

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም አልፈቀደልኝም፣ ጓድ።"

ፎርማኑ ጣልቃ ገቡ። "ጓድ፣ ልጅቷን በኋላ ይቀጧታል። ቤንዚኑ አይጠብቀንም።"

አስተዳዳሪው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ፣ ንግግር የሚያበዙ ሰው ነበሩና ስብሰባ የሚከፍቱብን መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ "ፎርማን፣ መጀመሪያ ምን ይደረግ?"

"እሳት ይጥፋ። ከቦዩ ግራና ቀኝ ያለ እሳት ሁሉ። ምድጃ፣ ወናፍ፣ ዳቦ ቤት፣ የወፍጮ ሞተር፣ ሲጋራም ጭምር። እኔ ከላይ በማሽኑ ቦዩን ቆርጬ ወደ ድሮው ጠጠር ማውጫ ጉድጓድ እመልሰዋለሁ። ቀድሞ የወረደውን ግን ታች ያለ ሰው በጭቃ ያግደው። በእጅና በእንጨት ይሁን። ብረት ድንጋይ ከመታ አለቀልን።"

"ጥሩ። መቶ አለቃ፣ እሳቱ ያንተ ነው። ፎርማን፣ ማሽኑን ያውጡ፤ በኔ ኃላፊነት። ጤና ጣቢያ፣ ከፎርማኑ ጋር ሂድ፤ እሳቸው ግባ ሲሉህ ብቻ ትገባለህ።" ከዚያ ለሁላችንም፦ "ማንም የሠራውን ለዚች ልጅ ይናገር። የሚፈልገውንም ከሷ ይጠይቅ። ከመስመሩ ላይ እንዳትነሺ።"

"እሺ ጓድ" አልኩ። ክዳኖቹ ሁሉ ፊቴ ተከፍተው ሳያቸው፣ ከተማው በሙሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ከኔ ጋር የተቀመጠ መሰለኝ።

ወዲያው ጥሊሊን፣ ዳንግላንና ጫግኒን ጠርቼ ወደ ቆሰበር የሚመጣ መኪና ሁሉ እንዲቆም ነገርኳቸው። የጥሊሊው ኦፕሬተር ፊቱን አይቼው የማላውቅ፣ በድምፅ ብቻ ወዳጄ የሆነ ሰው ነበር። "እንዴት አድርጌ ነው የማቆመው? እኔ ፖሊስ አይደለሁ!" አለኝ። ቆይቶ ደውሎ ከጓደኞቹ ጋር የሱቅ አግዳሚ ወንበሮች አምጥተው መንገዱን እንደዘጉ ነገረኝ። የአውቶቡሱ ተሳፋሪ ይሳደባል፤ እሱ ግን አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

ከባዱ ነገር የመጣው ከታች ነው። መቶ አለቃው ፖሊሶቹን ይዞ፣ ፊሽካ እያስነፋ ገበያው ገባ። ገበያተኛው ያየው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ፖሊስ ገበያ ገብቶ ፊሽካ ከነፋ አፈሳ ነው፤ ወጣት የተባለን ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና ሰብስበው ይወስዳሉ። ገበያው ተበተነ። ወጣቱ በየአጥሩ ዘለለ፣ እናት ልጇን ሸሸገች፣ ቀጥቃጮቹ የጋለ ብረታቸውን ከነፍሙ ጥለው ሮጡ። አረቄ አውጪዎቹም ልጆቻቸውን ፍለጋ ሲወጡ እሳቱን ጠባቂ አልባ ተዉት።

መቶ አለቃው ከቀበሌው ስልክ ደወለልኝ። ሲያለከልክ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ሰዉ ከኛ እየሸሸ ነው። ቤቱን ሁሉ ዘግተውብናል፣ እሳቱ ውስጥ ይነዳል። በር መስበር ልጀምር ነው።"

በዚያው ቅጽበት የቴሌው በር ተበርግዶ ተከፈተና የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ገቡ። ግዙፍ፣ ጉልበታም፣ ራሳቸውም አረቄ አውጥተው የሚያድሩ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላቸው ነበር። ከነጠላቸው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

"ልጄን አፈሱት ወይ? ንገሪኝ፣ ስልኩን የምትሰሚው አንቺ ነሽ!"

"እትዬ፣ አፈሳ አይደለም። ቤንዚን ነው።" ያለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው።

የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥ አድርገው ወደ ቦዩ አዩ። ውሃው ላይ የቤንዚኑ ቀለም ቀይና ሰማያዊ እየሆነ መዞር ጀምሮ ነበር። እትዬ ፊታቸው ተለወጠ።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

"ከመቶ አለቃው ጋር።"

"አምጪው።" ማዳመጫውን ከራሴ ላይ ነጠቁኝ። "ስማኝ፣ አንተ ሰውዬ። ፖሊሶችህን አስወጣልኝ። ፊሽካውንም ኪስህ ክተተው። እሳቱን እኛ እናጠፋዋለን።"

መቶ አለቃው ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። ማዳመጫውን ሲመልሱልኝ ግን "እየወጣን ነው በያቸው" አለኝ። የፖሊስ አዛዥ ገበያ መሐል የተሰጠውን ትእዛዝ ትቶ ለአንዲት አረቄ አውጪ ቦታ ሲለቅ ማየት በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ለቀቀ።

እትዬ መጀመሪያ የራሳቸውን እሳት አጠፉ። የዚያን ቀን የተጣደው ጋን ገና መንጠባጠብ መጀመሩ ነበር፤ እሳቱን በአመድና በጭቃ ደፈኑት። ከዚያ ባዶ እጃቸውን፣ ጭቃ እንደነካ፣ ከቤት ቤት ሄዱ። በር ያንኳኳሉ፤ ለአማርኛ ተናጋሪው በአማርኛ፣ ለገጠሩ ሰው በአገውኛ ያወራሉ። "አፈሳ አይደለም። ቤንዚን ነው። የኔን አጥፍቻለሁ፣ እጄን እዩት። አጥፉና ውጡ፣ ጭቃ አብረን እንሸከማለን።" እያንዳንዷ ሴት የራሷን አጥፍታ ትከተላቸዋለች፤ የተከተለችውም በተራዋ ሌላ በር ታንኳኳለች። ዳቦ ቤቱ ጠፋ፣ ወፍጮው ቆመ፣ የተሸሸጉት ቀጥቃጮችም ወጥተው ወናፋቸውን ፈቱ። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ዘንድ መልእክተኛ ሄደ፤ ጧፍ ጠፋ፣ የእጥበት ውሃ የሚሞቅበት ምድጃም ጠፋ። ከቀበሌው ስልክ ሰፈሩ በተራ በተራ ይነገረኛል፣ እኔም ለአስተዳዳሪው አስተላልፋለሁ። "የቀጥቃጮች ሰፈር ጠፋ።" "ጥሩ።" "ዳቦ ቤቱ ጠፋ።" "ጥሩ።" ከዚያ ውጪ ቃል አልጨመሩም። ለዚያ ሰው ያለኝ አክብሮት የጀመረው ያኔ ነው።

በመሐል አንድ ሌላ ጣጣ መጣ። ቤንዚን በኩፖን በሚሸጥበት ዘመን ቤንዚን በቦይ ይፈሳል ከተባለ ሰው ዝም ብሎ አያይም። ጀሪካንና ባልዲ የያዘ ሁሉ ወደ ቦዩ ወረደ። መቶ አለቃው ፖሊስ ሊልክ አሰበ፤ ከተፈጠረው ነገር በኋላ ግን ፈራ። "ምን ይሻለኛል?" ሲል እኔን ጠየቀኝ፤ እኔን! በመስኮቱ ሳይ ከገበያው የተመለሱ ፈረሰኞች ጉሙ ውስጥ ቆመዋል። "ከገበሬ ማኅበር የመጡት ፈረሰኞች እኮ አሉ" አልኩት። ብቻውን፣ ያለ መሣሪያ ሄዶ አነጋገራቸው። ሰዎቹ ፈረሶቻቸውን ጎን ለጎን እያስጠጉ በቦዩና በሰዉ መሐል አቆሙ፤ ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ጫፍ የፈረስ አጥር ሆነ። ፈረሶቹ በቤንዚኑ ጠረን እየተቆጡ ያናፋሉ፤ ጋላቢዎቹ አንገታቸውን እየደባበሱ ያረጋጓቸዋል። ባለ ጀሪካኖቹ ቆመው ቆመው ጀሪካናቸውን አስቀመጡና ጭቃ መሸከም ያዙ።

ሽታው የኔ ክፍል የገባው ያን ጊዜ ነው። ዓይኔን አቃጠለኝ። መቶ አለቃው በሩ ላይ ብቅ አለ። "ውጪ! ቤንዚኑ ከግድግዳሽ ጀርባ ነው።"

"ከወጣሁ መስመሩን ማን ይይዘዋል?"

ፎርማኑን በትምህርት ቤቱ ስልክ አስጠራኋቸውና ስለ ሰሌዳው ጠየቅኋቸው፤ ክዳኗ ስትወድቅ የሚጮኸው ደወል ብልጭታ እንዳያወጣ ፈርቼ ነበር። "ደወሉን ፍቺው" አሉኝ፤ "ክዳኗን በዓይንሽ ጠብቂ። በሩንና መስኮቱን ዝጊ፣ ስንጥቁን በእርጥብ ጨርቅ ድፈኚ። እኔ ቦዩን አሁን ልቆርጠው ነው።" ደወሉን ፈታሁ። ጋቢዬን ውሃ ነክሬ በበሩ ሥር ወተፍኩት። ከግድግዳው ጀርባ የሴቶች ድምፅ መጣ፤ እትዬ ናቸው። ጭቃ በእጃቸው፣ በቅርጫት፣ በሳፋ እያመጡ ይደለድላሉ። ሙስሊሞቹ ነጋዴዎች ከየመጋዘናቸው ባዶ ጆንያ ሁሉ አውጥተው ሰጥተው ኖሮ፣ ወንዶቹ በዚያ አፈር ሞልተው ይከምራሉ። አንዷ ሴት ግድግዳዬን መታ መታ አድርጋ "አለሽ ወይ?" ትለኛለች። "አለሁ!" እላለሁ። እንደገና ቆይታ "አለሽ ወይ?" ትላለች። ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ጠምዛዛው ላይ የሆነውን የሰማሁት ዳይሬክተሩ በመስኮቱ እያየ ሲነግረኝ ነው። ፎርማኑ ማሽኑን ከቦቴው ራቅ አድርገው፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል አስገብተው ቦዩን ቆረጡት፤ ቤንዚኑ ወደ ጉድጓዱ ዞረ። የቀረው ሹፌሩ ነበር። እግሩ መሪው ሥር ተቀርቅሯል፤ ብረት በብረት መምታት አይቻልም። ፎርማኑ ረጅም የመፈልቀቂያ ብረት በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው፣ ከሥሩ የእንጨት ግንድ ደግፈው አዘጋጁ። ድሬሰሩ በተሰበረው መስታወት በሆዱ እየተሳበ ገባ።

"አሁን ውስጥ ነው" ይለኛል ዳይሬክተሩ። "እግሩ ብቻ ይታያል። … እየነቀነቁት ነው። … ሹፌሩ ጮኸ። … ቆይ። … ቆይ።"

እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌአለሁ። መስመሩ ላይ ያለው ሁሉ ይሰማል፤ የአስተዳዳሪው ትንፋሽ እንኳ ይሰማኛል።

"ወጣ!" አለ ዳይሬክተሩ። "ወጣ! በሕይወት አለ! ድሬሰሩን አቅፎ እያለቀሰ ነው!"

አስተዳዳሪው ስብሰባ ላይ በሚያጨበጭቡበት ዓይነት ሳይሆን እንደ ልጅ "እሰይ!" ብለው ጮኹ። እኔም ጮኽኩ። ከግድግዳው ጀርባ "ምን ሆነ?" ሲሉኝ "ሹፌሩ ወጣ!" አልኳቸው፤ ጭቃ የያዘው እጅ ሁሉ ወደ ላይ ተነስቶ እልልታው ቀለጠ።

ደስታው ሳይበርድ ጥሊሊ ጠራኝ። ወዳጄ ድምፁ ተቀይሯል። "የወታደር ካሚዮኖች መጥተዋል። ሻምበሉ አግዳሚውን አንሱ ይላል። ልስጥሽ?"

ሻምበሉ የሚቆጣ ድምፅ ነበረው። "ማነሽ አንቺ? አስቸኳይ ጉዞ ላይ ነኝ። መንገዱን የዘጋው ማን ነው?"

አስተዳዳሪው ጦሩን ማዘዝ አይችሉም፤ መቶ አለቃውም አይችልም። ያለኝ እውነቱን መናገር ብቻ ነበር። "ጌታዬ፣ እዚህ የመንገዱ ዳር ሁሉ ቤንዚን ነው። የአንድ መኪና የጭስ ማውጫ ቢነካው ገበያ ሙሉ ሰው ያልቃል። እሳት የሚባል ከከተማው አጥፍተናል። እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩት።"

ከኋላው የሞተር ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ ሲያዝዝ ሰማሁት፤ ሞተሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ።

"ምን ያስፈልጋችኋል?" አለኝ።

ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁትም። ፎርማኑን ወዲያው መስመሩ ላይ አስገባኋቸው። "ሰው ነው የሚያስፈልገኝ፤ ጉድጓዱ እየሞላ ነው፣ ዙሪያው በአፈር ከፍ መደረግ አለበት" አሉት። ሻምበሉ ካሚዮኖቹን እስከ ጠምዛዛው ግማሽ መንገድ አምጥቶ አቆመና ወታደሮቹን በእግር ላከ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፦ "እባክዎ፣ ጌታዬ፣ ማንም ወደ ገበያው እንዳይወርድ። ሰዉ አፈሳ ነው ብሎ ይሸሻል፤ ጭቃውን የሚሸከምልን እናጣለን።" ሳቅ የመሰለ ድምፅ አሰማ። "ገባኝ" አለ። ቃሉን ጠበቀ፤ አንድም ወታደር ወደ ከተማው አልወረደም። ከላይ ወታደሩ፣ ከታች ከወታደሩ ሲሸሽ የነበረው ጎረምሳ፣ አንዱን ቦይ ግራና ቀኝ ይዘው ሲደለድሉ ዋሉ።

ከመምሸቱ በፊት ፎርማኑ ደወሉ። "ልጄ፣ የቦዩ ውሃ ንጹሕ ነው። ከላይ እስከ ታች ራሴ ሄጄ አይቻለሁ። ግን ሽታው እስኪወጣ፣ ቦቴውም እስኪነሳ እሳት አይነሳ።" አስተዳዳሪው ትእዛዙን ለከተማው አስነገሩ። ቆሰበር በሐምሌ ብርድ ያለ እሳት አደረች። ዳቦ ቤቱ ያለውን ቀዝቃዛ ዳቦ ለአራስና ለሕፃን አከፋፈለ፤ የቀረነው ቆሎ ቆርጥመን በአንድ ጋቢ ሁለት ሦስት እየሆንን ተቃቅፈን ተኛን። እትዬ የኔ እርጥብ ጋቢ እስኪደርቅ ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ። ያለ ምድጃ ያደርኩበት ያ ቤት፣ ቆሰበር ከመጣሁ ወዲህ ብርድ ያልተሰማኝ የመጀመሪያው ቤት ነው።

በማግስቱ ሌላ ቦቴ በዳንግላ በኩል መጥቶ የቀረውን ቤንዚን ቀዳ፤ ጉድጓዱም በአፈር ተደፈነ። ፎርማኑ ራሳቸው ወደ ቴሌው መጡ። ፊታቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከድምፃቸው ይልቅ አጠር ያሉ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው "ድምፅሽን እየሰማሁ ትልቅ ሴት ትመስይኝ ነበር" አሉኝና አቀፉኝ። አስተዳዳሪውም ከኋላቸው ገቡ። ቆሜ ቅጣቴን ጠበቅሁ። አልቀጡኝም። "ያን ገመድ እንዴት እንዳገናኘሽው ለሌላዋ ተረኛ ኦፕሬተርም አሳዪያት" አሉ። "ክረምት በገባ ቁጥር እነዚህ ሁሉ ሰዎች እዚህ ተሰብስበው ይነጋገራሉ፤ መጀመሪያ ማን ምን እንደሚሠራ ጎርፍም እሳትም ሳይመጣ ይታወቅ።" ከዳንግላ አለቃዬ ደንብ ስለ መጣስ ሊቆጣኝ ደውሎ ነበር። አስተዳዳሪው ማዳመጫውን ተቀብለው አነጋገሩት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ደንብ ያነሳብኝ የለም። እውነትም በየዓመቱ ሰኔ ሲጠባ በዚያች ጠባብ ክፍል ተሰበሰብን። በኋላ ድልድይ በጎርፍ ሲሄድብን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የከብት መኖ ክምር ሲቃጠል፣ ማንም ማንንም አልጠበቀም።

በዚያ ማግስት ግን፣ ቀትር ላይ፣ አስተዳዳሪው "በያ፣ አንቺው ንገሪ" አሉኝ። ደወሉን ወደ ቦታው መለስኩትና መስመሮቹን ሁሉ አንድ ላይ አገናኘሁ። ፖሊስ ጣቢያው አነሳ፣ ካምፑ አነሳ፣ ቀበሌው አነሳ፣ ትምህርት ቤቱ አነሳ፣ ጤና ጣቢያው አነሳ፤ ድሬሰሩ ሹፌሩን አጠገቡ አስቀምጦት ኖሮ እሱም ይሰማል። በአማርኛ አንድ ጊዜ፣ በአገውኛ አንድ ጊዜ ተናገርኩ፦

"ቆሰበር፣ እሳት አንድዱ!"

የመለሰልኝን ድምፅ መለየት አልቻልኩም፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው የሚያወራው። ማዳመጫውን አውርጄ በሩ ላይ ወጣሁ። ከቀጥቃጮቹ ሰፈር አንድ ቀጭን ጭስ ተነሳ፤ ከዳቦ ቤቱ ሌላ። እትዬ በራቸው ላይ ቆመው ፍም በገል ይዘው ለጎረቤት ያካፍላሉ። እያየሁ እያለ በየጣሪያው ላይ ጭስ ወጣ፤ ሰዉም ከየቤቱ ወጥቶ እልል አለ።